«ለይቶ ማቆየት» የተባለው እስር

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውን፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉትን የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ለማረሚያ ፖሊሶች ሥልጠና ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ደንብ 44 ነበር። አንድን ታራሚ በቀን ለ22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ «ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት» ሳይኖረው ዘግቶ ማኖር ለብቻ ማሰር ነው ይላል፤ ይህ ከ15 ተከታታይ ቀናት ካለፈ የተራዘመ ይባላል፤ የተራዘመውን ደግሞ ደንብ 43 ይከለክላል። የአርትዖት ኃላፊያችን እኔ «ለብቻ ማሰር» ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ «ለይቶ ማቆየት» በሚል ተካው። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ያንተ ቃል ሠልጣኙን ተከሳሽ ያደርገዋል፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ መከላከል እንጂ መማር አይችልም» አለኝ። ያየነውን ነገር በስሙ ካልጠራነው ሰው ሥራውን በዚያ ስም አያውቀውም ብዬ ብከራከርም፣ ጽሑፉ እሱ እንዳለው ታተመ።

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ይበረታል ያልኩትን ምሳሌ ይዤ ቀረብኩ። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት አልበርት ውድፎክስ የተባለ እስረኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ብቻውን ጠባብ ክፍል ውስጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ 69 ዓመት በሞላው ዕለት መፈታቱን ተናገርኩ። ሠልጣኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የሩቅ አገር ሐዘን እንደሚሰማ ሰው አዳመጡኝ እንጂ ማንም ወደ ራሱ አላመጣውም።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ፣ ጡረታቸው የቀረበ አንድ ኢንስፔክተር እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ለይቶ ማቆያማ እኛም ገብተናል። በ2012 ለኮሮና ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ 14 ቀን ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ምግቤ በሰዓቱ ይመጣል፣ የጤና ባለሙያ ያየኛል፤ ምን ሆንኩ? በ14 እና በ15 መካከል ያለችው አንዲት ቀን ናት።»

አዳራሹ እውነታቸውን ነው አለ። እኔ ተናደድኩ፤ ቃሉ ያመጣል ብዬ የፈራሁት መዘዝ ይኸው ነበርና። የጤና ጥንቃቄና ቅጣት የተለያዩ መሆናቸውን ላስረዳ ከጀመርኩ በኋላ ግን ትቼው፣ «ስልክ ነበረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነበረኝ። ማታ ማታ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እናወራ ነበር።»

«የሚወጡበትንስ ቀን ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ! በጣቴ ነበር የምቆጥረው።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ። «አንድ ቀን ስልኬ ተበላሽቶ ዋለ። ምግብ የሚያመጣው ልጅ ሳህኑን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ነበር የሚሄደው። ያን ዕለት በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁትና ገና ሳያንኳኳ ከፍቼ፣ ‹እንዴት ዋልክ ልጄ?› አልኩት። በሽታውን ፈርቶ ሸሸኝ። ምግቡን አልበላሁትም፤ የፈለግሁት እሱን ነበር።» ተቀመጡ፤ ከዚያ እንደገና ተነሡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛም ዘንድ እኮ በመስኮት ምግብ የሚያቀብለውን ልጅ፣ እንዳታናግረው ብለን ነው የምናዘው» አሉ።

«ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት» ለሚለው ሐረግ የተሻለ አማርኛ ስፈልግ ብዙ ቀን አሳልፌ ነበር፤ ትርጉሙ ግን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ሳጅን፣ ሌላውን የወጋ ታራሚ ሲኖር ምን እናድርግ ብሎ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ደንብ 45 ለብቻ ማሰርን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ፣ ለአጭር ጊዜና በገለልተኛ አካል እየታየ ብቻ እንደሚፈቅድ ነገርኩት። መልሱን የጨረሱልኝ ግን ኢንስፔክተሩ ናቸው፦ «ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እንኳ 20 ዓመት ሲሞላው አመክሮ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ለብቻው ላስገባነው ሰው ግን ቀኑን ማን ነገረው?» የወንጀል ሕጋችንን ከሃያ ዓመት በላይ ሳነበው፣ በአመክሮ መፈታት ለእስረኛው የሚቆጠር ቀን መስጠት መሆኑን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ያን ምሽት እንቅልፍ የነሣኝ የኃላፊው ክርክር ነበር። ጽሑፉ እኔ እንደፈለግሁት ታትሞ ቢሆን ኖሮ፣ ኢንስፔክተሩ «እኛም ገብተናል» ብለው እጃቸውን ባላወጡ፣ ያ ሁሉም ባልተሰማ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ጽሑፉ የሚሄደው እንደ እሳቸው ያለ ሰው ወደሌለባቸው ማረሚያ ቤቶችም ነው፤ እዚያ ያለ ወጣት ጠባቂ «ለይቶ ማቆየት» የሚለውን አንብቦ የኮሮናን 14 ቀን አስታውሶ ገጹን ይገልጣል። ለሁለተኛው እትም እንዳርም ረቂቁ ሲላክልኝ ቃሉን በየቦታው «ለብቻ ማሰር» ብዬ መልሼ፣ ኅዳጉ ላይ የኢንስፔክተሩን ንግግር ስማቸውን ሳልጠቅስ እንዳለ ጽፌ ለኃላፊው ላክሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።