ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ግቢ እንገናኝ

ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ቀጠሮ አትያዙ። ደሴ ያላችሁም፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም። ደሴ ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሿ አዳራሽ ሐሙስ የባህል ሙዚቃ፣ ቅዳሜ ጃዝ አለ። ሁለቱም ላይቭ ነው፣ ፕሌይባክ የሚባል ነገር የለም።

ትናንት ሙዚቀኞቹ ሲለማመዱ ለማየት ገባ ብዬ ነበር። አዳራሿ ከመቶ ሰው በላይ የምትይዝ አይመስለኝም። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፣ መድረኩ ከወለሉ ከፍ የሚለው አንድ ስንዝር ያህል ነው፣ እና ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን በእጣን ሲያሽ ሽታው እናንተ ጋ ይደርሳል።

ክራር የሚጫወተው ልጅ የትዝታን ቅኝት ጨርሶ ወደ ባቲ ቅኝት ሊገባ ሲል ቆመ። ክራር እንደ ፒያኖ ሁሉንም ድምፅ ይዞ አይጠብቅም፤ ያለው ስድስት አውታር ነው፣ ስለዚህ ቅኝቱ ሲቀየር ሁለት ሦስቱን ማጥበቅ ወይ ማላላት ግድ ነው። ልጁ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አንዷን አውታር ነካ፣ መቃኛውን ጠመዘዘ፣ ደግሞ ነካ። አንዷ እምቢ አለችው። ሦስት ጊዜ አላልቶ አጠበቃት። በአራተኛው ስትገባለት ዘፋኟ አንድ፣ ሁለት እንኳን ሳይባል ጀመረች። እኔ ይህን መቃኘት ከዘፈኑ እኩል ወደድኩት።

ባቲ ማለት እኮ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሲወረድ ያለችው ከተማ ናት። አምባሰልም ሐይቅን አለፍ ብሎ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የኛን አገር ስም ይዘው አገር ምድሩ ይዘፍንባቸዋል፣ የአምባሰል ንግሥት የሚሏት ማሪቱ ለገሰም የወሎ ልጅ ናት፤ እኛ ግን እዚሁ ተቀምጠን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማቸው አዲስ አበባ ተቀድተው በስልካችን ሲመጡ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ የባህል ዝግጅት አለ ተብዬ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሄጄ፣ ስፒከሩ እንደዚያ እየጮኸ ማሲንቆው የቱ ጋ እንዳለ እንኳን ሳልለይ ወጥቻለሁ። ትንሿን አዳራሽ የምወዳት ለዚህ ነው።

ጃዝ የፈረንጅ ነው ብላችሁ ቅዳሜን እንዳትቀሩ ደግሞ። ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እነዚህኑ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ወስዶ ነው ከቫይብራፎንና ከላቲን ምት ጋር ያዋሃዳቸው። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶታል። ትናንት የጃዞቹ ልጆች አንቺ ሆዬን ሲሞክሩ ሰማኋቸው። ከባድ ቅኝት ነው፣ አንዳንዶቹ ድምፆች በጣም ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት፣ ኪቦርዱ ትንሽ ካበዛ ወዙ ይጠፋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ይሄ የገባው ይመስለኛል፣ ብዙውን ጊዜ እጁን አንስቶ ቤዙና ሳክስፎኑ ብቻቸውን እንዲሄዱ ይተዋቸው ነበር። ሐሙስ አንቺ ሆዬን በክራር ሰምቶ ቅዳሜ በሳክስፎን የሚሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ስለዚህ ከቻላችሁ ሁለቱንም ኑ።

የሚጀምረው ማታ 12 ሰዓት ነው፣ መግቢያው በነጻ። በሩ ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ አትርሱ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ መኪና ስለሚያዘግም በጊዜ ተነሱ፣ ማታ መመለሻ ስለሚያስቸግርም ደሴ ዘመድ ያለው ከአሁኑ ይደውል። ማደሪያ ያጣ ይጻፍልኝ፣ እኔ ቤት ሁለት ፍራሽ አለ። ጋቢ ግን ይዛችሁ ኑ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።

እኔ ፊት ለፊት ነኝ፣ ማሲንቆው ባለበት በኩል።