ከአራስ ጥየቃው በኋላ

ውድ ወዳጆቼ፣ በቅርብም በሩቅም ሆናችሁ መልእክቴን የምታነቡ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ፤ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ከጅማ የምልክላችሁ የበዓል ሰላምታ ስለ አደይ አበባና ስለ ክረምቱ ማለፍ ጥቂት ቃል ብሎ የሚያበቃ ነበር። ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ በልቤ ሲብላላ የቆየ ጉዳይ ስላለ በዓሉን አስታክኬ እርሱን ልነግራችሁ ወድጃለሁ። ጉዳዩ የአንድ ዓመት ልጅ የያዙ እናቶች እርስ በርሳቸው ስለሚሰጣጡት ድጋፍና ያ ድጋፍ ሲጎድል ስለሚሆኑት ነገር ነው።

ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በመሆኑ ያለፈውን እንቁጣጣሽ ያከበርኩት በአራስ ቤት ነው። ቤታችን ሰው አልተለየውም ነበር። አንዷ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዛ ትመጣለች፤ ሌላዋ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትገባለች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምርቃት ይከተላል። በኦሮሞ ወግ ወላድ በአምስተኛው ቀን በሴቶች ተከብባ የምትከበርበት ሸነን የሚባል ሥርዓት አለ፤ በሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን ስለ ልጁ የሚታረደው ዓቂቃ ይወጣል፤ በእኛም ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ሁሉም ለአራሷና ለልጇ የመደበው ቀን አለው። ልጄ በኅዳር ወር ክርስትና ስትነሣ ድግሱ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ከዚያ በኋላ ግን በራችንን የሚያንኳኳው ሰው እየሳሳ ሄደ። ማንንም አልወቅስም፤ ወጉ የሚያዝዘው እስከዚያ ድረስ ነውና።

የከበደኝ ግን ወጉ የሚያበቃው ድካሙ በሚበረታበት ጊዜ መሆኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን። የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ጡት እንዲጠባ ይመክራሉ። 90ው ቀንና 6ቱ ወር የሚታረቁበትን መንገድ እናት ለብቻዋ እንድትፈልግ ተትቶላታል። እኔም ታኅሣሥ ላይ ወደ ሥራዬ ስመለስ ልጄን ለሞግዚት ትቼ፣ የጡቴ ወተት ልብሴን እያራሰው በጠረጴዛዬ የተቀመጥኩባቸውን ቀናት መቼም አልረሳቸውም። ያኔ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከገንፎው ዘመን ይልቅ ብዙ የምነግረው ነበረኝ።

ደግሞም አራስ ልጅ ባስተኙት ቦታ ይገኛል። ዓመት የተጠጋ ልጅ ግን ዳዴ ይላል፤ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፤ ትናንት የበላውን ምግብ ዛሬ ይተፋል፤ ጥርስ ሲያበቅል ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። የጅማን ክረምት የምታውቁ ደግሞ የቀረውን ትገምታላችሁ፤ ደጁ ጭቃ ስለሆነ ልጁ ከቤት አይወጣም፣ የታጠበው ጨርቅም ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ይህን ሁሉ የምታስተናግድ እናት በሰው ዓይን አራስ አይደለችም፤ ልጇ አድጎላታል፣ «እርሷማ ተገላገለች» ይባልላታል።

ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን በጥቂት ወራት ልዩነት የወለድን አራት እናቶች አለን። አንደኛዋ በከተማችን መርካቶ ቅመም ትነግዳለች፤ ሌላዋ አስተማሪ ናት፤ ሦስተኛዋ ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሌሊት ከልጇ ጋር ብቻዋን ታድራለች። ስማቸውን የማልጠራው ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ነው። በእግዜር ሰላምታ እንተዋወቅ የነበርነውን ሴቶች እንደ እህት ያደረገን ያለፈው ዓመት የጾም ሰሞን ነው።

እንደምታስታውሱት በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በየካቲት አጋማሽ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ተከተለ፤ ከተማችን በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል ጾመኛ ሆነች። ልጄ 6 ወር የሞላት በዚያው መካከል፣ በመጋቢት መጀመሪያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገንፎ ብቻውን እንደማይበቃት፣ እንቁላልና ወተት እንዲጨመርላት፣ በደጃችን የሞላው አቮካዶም እንዲፈጭላት ነግራኝ ነበር። ማር ግን 1 ዓመት ሳይሞላት እንዳላቀምሳት አስጠንቅቃኛለች፤ በማር አገር ለሚኖር ሰው ይህን ለአያቶች ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃንን ጹም አትልም። ይሁን እንጂ የጾም ድስትና የጾም ጭልፋ ተለይቶ በሚቀመጥበት ቤት ያደገች ሴት በሁዳዴ እንቁላል ለመቀቀል እጇ ይከብዳታል፤ እኔም ከበደኝ። ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤቴ ይህን ከአፌ እንደ ቀልድ ሰምታ ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ማለዳ ግን ወደ ገበያ ስትወጣ የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልላ በራችን ላይ ቆመች። እርሷ ሱሁሯን በልታ ጾሟን ይዛለች፤ ውኃ እንኳ እስከ ማታ አትቀምስም። እስከ ዒድ ድረስ አንድም ቀን አላቋረጠችም።

እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ልጇን ከእቅፏ እየተቀበልኩ እስክታፈጥር እይዝላት ጀመር። ቀኑን ሙሉ ስትጾምና ስታጠባ የዋለች ሴት ቴምሯንና ሾርባዋን ልጅ እጇን ሳይጎትታት፣ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ብትበላ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያለፈበት ብቻ ነው። በመካከላችን የተነጋገርነው ውል አልነበረም፤ «አምጪልኝ» እና «ያዥልኝ» ከሚሉት ቃላት በቀር። የእንቁላሉን ነገር ሳስታውስ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ፤ ይህን ብዘለው መልእክቴ ግማሽ እውነት ይሆናል። በሐምሌ ወር የነጋዴዋ ልጅ መራመድ ስትጀምር የእኔም ግድግዳ ይዛ መቆም ቻለች። ቡና ላይ ስንቀመጥ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እያልን እናጨበጭብላቸዋለን። የአስተማሪዋ ልጅ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ 13 ወር አልፎት ግን ዳዴ ከማለት አላለፈም። ሁላችንም በየተራ፣ ክፉ ሳናስብ፣ «አሁንም አልቆመም እንዴ?» እንላታለን። አንድ ቀን ከቡናው ቀረች። በሁለተኛውም ቀረች። ስንጠይቃት ልብስ አጠባ ነው፣ ቤት ጽዳት ነው አለችን። የሾፌሩ ባለቤት ነገሩ ስላላማራት ሄዳ በሯን አንኳኳች፤ እናቲቱም እንባ እያነቃት፣ «እናንተ ዘንድ በመጣሁ ቁጥር ልጄ ምን ጎደለው እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አድራለሁ» ብላ ነገረቻት።

ያን ዕለት ማታ ሦስታችንም እቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩበት ጊዜ እጅግ የተራራቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት እንደሚያሳየው ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ድረስ ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ይህን ለራሳችን ልጆች እያወቅን ለእርሷ ልጅ ረስተነዋል። ቢሆንም ልቧ እንዲያርፍ የሾፌሩ ባለቤት አብራት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ልጁም ምንም እንደሌለበት ተነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቡናችን ላይ የጸና አንድ ሕግ አለን፤ ልጅ ከልጅ አናወዳድርም። እናትን ከእናት የሚያርቃት ጠብ ብቻ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው የፍቅር ጥያቄ ጸጥ ብሎ ቤት ያስቀራል፣ ቀሪዋንም የሚፈልጋት ከሌለ በዚያው ትቀራለች።

ልጁ በነሐሴ መጨረሻ ተራመደ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ እርሱን ይዞ ተነሣና እየገፋው ሁለት እርምጃ ሄደ፣ በሦስተኛው ለቀቀው። «ወፌ ቆመች» ያለችው እናቱ ናት። እኛ እስክትለው ድረስ ዝም ብለን ጠበቅናት።

ስለ ቡናችንም ጥቂት ልበላችሁ። ከፍ ያሉ እናታችን የሆኑ አንዲት ጎረቤት «ኮቱ፣ ቡነ ዹጊ» (ነይ፣ ቡና ጠጪ) ብለው በአፋን ኦሮሞ ሲጠሩን ሁላችንም እንሰበሰባለን፤ ነገር ግን የጋለ የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበናና መራመድ የጀመሩ አራት ልጆች በአንድ ወለል ላይ አይስማሙም። ስለዚህ ምድጃውንና ረከቦቱን ከፍ ካለ መደብ ላይ አወጣን፤ ከአቦል እስከ በረካም አንዳችን በየተራ ቡናውን ትተን ልጆቹን ብቻ እንጠብቃለን። ተረኛዋ ስኒዋ ቢቀዘቅዝም አትነሣም፣ ዓይኗንም ወደ ስልክ አትመልስም። አደጋ ቢደርስ እንኳ ቃጠሎ ላይ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት እንደማያስፈልግ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል የቧንቧ ውኃ እያፈሰሱ አቀዝቅዞ ወደ ሕክምና መሄድ እንደሚገባ ሁላችንም ተማምረናል። እስከ ዛሬ አላስፈለገንም፤ ተመስገን።

ያስፈለገን ሌላ ነው። በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ላይ፣ የሾፌሩ ባለቤት ደወለች። ልጇ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አምሽቶ ሰውነቱ ዝሎ ነበር። በዚያ ሳምንት ጥርስ እያወጣ ስለነበረ አንዲት ዘመዷ ግግ ነውና እናስወጣለት ብለው ለጠዋት ቀጥረዋታል። እኒያ ሴት ልጁን ከልባቸው ይወዱታል፤ የሚያውቁትም የእናታቸውን ዘመን መድኃኒት ነው። ነገር ግን ግግ የሚባለው ሊበቅል ያለ የልጁ የራሱ ጥርስ ነው፤ ድዱን ቆርጦ ማውጣትም ለደም መፍሰስና ለከባድ ቁስለት ይዳርጋል። ባለቤቴ ባጃጅ ፈልጎ ሲያመጣ የአስተማሪዋ ባል ሦስቱን ልጆች ይዞ አደረ፤ እኛ ሴቶቹ ከእናቲቱ ጋር ወደ ሕክምና ሄድን። ኦአርኤስ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠን በማንኪያ እያጠጣን አነጋን፤ ዚንኩንም ለ10 ቀን እንዲወስድ ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲስቅ እኒያ ዘመዷ ራሳቸው አቅፈውት ነበር፤ እኛም ስለ ግግ ምንም አላነሣንም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጳጉሜን 5 ቀን ማታ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ ነው። መውሊድ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፤ የነጋዴዋ ጎረቤቴ የበዓል ሰሃን እስካሁን ወደ ቤቷ አልተመለሰም፣ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ነገ ሞልቼ እወስድላታለሁ። እናንተም ነገ አበባየሆሽ የሚሉትን ልጃገረዶች ካስተናገዳችሁ በኋላ ጎረቤት ለመጠየቅ ስትወጡ፣ ዓመት የሆነው ወይም የተጠጋ ልጅ ያለበትን አንድ ቤት አስቡልኝ። ስጦታ አትያዙ። እናቲቱ «ግቡ» ስትላችሁ ልጇን ከእጇ ተቀበሏትና አንድ ሰዓት ያህል ያዙላት፤ ትተኛ፣ ትታጠብ፣ ወይም ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሙቅ፣ ያሰኛትን ታድርግ። ልጁ ስለ ቆመና ስላልቆመ አትጠይቋት። ወንዶች ወንድሞቼም ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ፤ በዚያ ሌሊት ሦስት ልጆች ያሳደረው ሰው ወንድ ነው።

ለእኛ ቤት የነገው ቡና ተረኛ እኔ ነኝ። ዶሮው በየቤቱ ይበላል፤ በጋራ የምንቀርብበት ማዕድ ሽሮና አትክልት፣ ድፎ ዳቦና ፈንዲሻ ስለሆነ ሁላችንም እንቆርሳለን። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ወለሉን ቄጠማ ጎዝጉዤበታለሁ፤ ምድጃውን መደቡ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ በርጩማዎቹን ደግሞ ልጆቹ ይዘዋቸው እንዲቆሙ መሀል ወለል ላይ ትቻቸዋለሁ።