ኳሱን ትቼ ፉልባኩን አያለሁ

ራግቢ ሊግ፣ ኳሱን በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ የለመድኩት አውስትራሊያ፣ ምዕራብ ሲድኒ፣ ፓራማታ አካባቢ ነው። በሰፈር ክለብ 7 ቁጥር ለብሼ ሀፍባክ፣ ማለትም የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች፣ ሆኜ ተጫወትኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሜዳውን ተውኩ፤ ጨዋታው ግን ከውስጤ አልወጣም። አሁን በአማርኛ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስለ ሊጉ አወራለሁ።

መንገዱን ያሳየኝ ፒተር ስተርሊንግ ነው። የፓራማታ ኢልስ ክለብ ሀፍባክ ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1981፣ 82፣ 83 እና 86 ዋንጫ አንስቷል። በ1992 የትከሻ ጉዳት ከሜዳ አስወጣው። ከዚያ እስከ 2021 መጨረሻ በቻናል ናይን ቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትን ቆየ። እሱን የሚለየው ሁላችንም ያየነውን አለመድገሙ ነው። ለምን እንደሆነ ይነግርሃል፤ እሱም በአጭሩ።

እኔም የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ በስልኬ ራሴን እየቀዳሁ ተለማመድኩ። ከዚያ ቅጂውን ይዤ ወደ ሬዲዮው ሄድኩ። አዘጋጇ ትልቅ ሴት ናቸው። ትንሽ ሰሙና፣ «ልጄ፣ እኔ ይሄን ጨዋታ አላውቀውም። እኔ እንዲገባኝ አድርገህ ንገረኝ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከማንም አላገኘሁም።

ስለዚህ ከመሠረቱ ጀመርኩ። በአንድ ወገን 13 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን ተጫዋቾቹ በተጋጣሚ ስድስት ጊዜ ተይዘው እስኪቆሙ ድረስ ዕድል አለው፤ ስድስተኛው ላይ ከተያዘ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሆናል። ትራይ፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት፣ 4 ነጥብ ነው፤ ቀጥሎ በእግር የሚመታው ኳስ በግቡ ቋሚዎች መሀል ካለፈ 2 ይጨመራል።

ዋናው ነገር ያለው አምስተኛው ላይ ነው፤ የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ስለሆነ ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በእግር ይመታል። ቡድኑ ለአምስተኛ ጊዜ ሲያዝ አብዛኛው ሰው ኳሱን ያያል። እኔ የተከላካዮቹን ፉልባክ፣ ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ተጫዋች፣ አያለሁ። ወደ ግራ ካዘነበለ ቀኙ ክፍት ነው። ክንፎቹም፣ በሜዳው ጠርዝ ያሉት ተጫዋቾች፣ ወደ ኋላ ከሸሹ ምት እየጠበቁ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ጎበዝ ሀፍባክ ኳሱን አይመታም፣ በእጁ ያሻግራል። ይሄን ከመሆኑ በፊት መናገር የሚችለው እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ የተጨነቀ ሰው ነው። የቀድሞ ተጫዋች ማይክ የሚሰጠውም ለዚህ ይመስለኛል፣ ለስሙ ብቻ መሆን የለበትም።

ሬዲዮ ላይ ደግሞ ሰዓቱንና ውጤቱን ቶሎ ቶሎ መናገር ግዴታ ነው። አድማጩ ታክሲ እየነዳ ሊሆን ይችላል፤ መሀል ላይ ይገባል።

በሴቶቹ ውድድር ጊዜ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ አግኝቻለሁ። በክንፍ ነው የምትጫወተው፤ እኔ መሀሉን ሳይ እሷ ጠርዙን ታያለች። የሚቀጥለውን ውድድር አብረን እንጀምራለን።