ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ

ፋብሪካም ይሁን ዳቦ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ቦታው የት ይሁን እና ማሽኑ በቀን ስንት ያመርታል። አንዱን ለደላላ ሌላውን ለማሽን ሻጭ ሰጥቶ ተገላገለ ማለት ነው። እኔ እነዚህን ነገሮች ለያይቶ ማየት ብዙም አይዋጥልኝም፣ ምክንያቱም በቀን ስንት እንደምታመርቱ የሚወስነው ግማሹን ማሽኑ ከሆነ ግማሹን ቦታው ነው፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ።

ስኳርን እንይ። ከ100 ኪሎ ሸንኮራ የሚወጣው ስኳር ወደ 10 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሸንኮራው ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ጣፋጩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሸንኮራን ጭኖ አዲስ አበባ ማምጣት ብሎ ነገር የለም፣ ፋብሪካው ነው ወደ ማሳው የሚሄደው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. አዋሽ ዳር የተከፈተው ለዚህ ነው፣ ውሃውም መሬቱም እዛ ስለነበረ። አዲሱ የወንጂ ፋብሪካ በቀን 6,250 ቶን ሸንኮራ እንዲፈጭ ነው የተሰራው፣ ጥሩ፣ ግን ይህን በ365 አባዝቶ የዓመት ምርት የሚያወጣ ሰው ካለ ማሳውን አላየውም ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃው መኪና አያስገባም፣ ፋብሪካውም በዛው ለጥገና ይቆማል። የዘንድሮ አቅም ደግሞ የተወሰነው ዘንድሮ አይደለም፣ ሸንኮራው ለመቆረጥ ከዓመት በላይ ስለሚፈልግ አምናና ካቻምና የተተከለው ነው የሚወስነው። ጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው አላለቀም፣ ስንት ሸንኮራ ዕድሜው አልፎ ተወገደ። ቦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም እኮ! ማሳውን የሚያለማውና ፋብሪካውን የሚገነባው በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ስላልሄዱ ነው።

ሲሚንቶም ያው ነው፣ 1 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) ለማውጣት 1.5 ቶን አካባቢ የኖራ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ሙገር፣ ደርባና ዳንጎቴ የሚባሉት ፋብሪካዎች አንድ አካባቢ የተሰበሰቡት ድንጋዩ እዛ ስላለ ነው። የታሸገ ውሃ ግን ተቃራኒው ነው፣ ክብደቱ በሙሉ ሸቀጡ ራሱ ስለሆነ ከገበያው በራቀ ቁጥር ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል።

የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2008 የተመረቀው ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት ልብስ የሚሰፋበት ነው፣ 52 ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) አለው፣ ሲሞላ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ሼዱ ተቆጠረ፣ መብራቱ ታሰበ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው በጣም ዘመናዊ ነው። እነዛ ሁሉ ልጆች የት ያድራሉ የሚለው ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከገጠር የመጣች ልጅ ደሞዟ ትንሽ ነው፣ ኪራይ ለብቻዋ ስለማትችል አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ፣ ትንሽ ቆይታ ትለቃለች፣ ሌላ ትቀጠራለች፣ እንደገና ስልጠና። ልብስ መስፋት ገና የጀመረ ሠራተኛ ደግሞ ከለመደው ጋር እኩል አያወጣም፣ ማሽኑ ያው ማሽን ሆኖ። ዕቃው ጅቡቲ ለመድረስ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለበት። ይሄ ሁሉ የተቻለው አሜሪካ አጎዋ በሚባለው ለአፍሪካ አገሮች ባወጣችው ሕግ ዕቃውን ያለ ቀረጥ ስለምታስገባ ነበር፣ እሱ በ2014 ሲቋረጥ ትልቁ ባለ ስም የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ከፓርኩ ወጣ። የመጣው ለገበያው ነበራ፣ ታዲያ ምን ይሁን? የቀረጥ ነፃ ዕድል የቦታው አንድ አካል ነው፣ እንደ ውሃና መንገድ፣ ልዩነቱ ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው በአንድ ፊርማ ሊያነሳው መቻሉ ነው።

ትንሽ ቢዝነስ ላይ ደግሞ ሂሳቡ ቶሎ ይታያል። እንበልና ምድጃው በሰዓት 1000 ዳቦ ይጋግራል፣ በ16 ሰዓት 16,000 ብላችሁ ለባንክ ጻፋችሁ። መብራት በቀን 3 ሰዓት ከሄደ 13,000 ሆነ (ጄኔሬተር አለኝ የሚል የናፍጣውን ወጪ ይደምርልኝ)። ገዢው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይመጣም፣ ጠዋት ከ12 እስከ 2፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ነው ግርግሩ፣ ሁሉም ትኩስ ይፈልጋል። ታክሲ መውረጃ አጠገብ ከሆናችሁ ማታ ላይ ምድጃው አይደርስላችሁም፣ ቀን ላይ ደግሞ ቆሞ ይውላል። ለካፌና ለትምህርት ቤት የምታስረክቡ ከሆነ ግን ሌሊት ጋግራችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ያኔ ዋናው መንገድ ዳር ለሚባል ቦታ ያን ሁሉ ኪራይ መክፈል ለምን አስፈለገ፣ ጀርባ ያለ ግቢ መኪና የሚያስገባ ከሆነ ይበቃል። ምድጃም ከሆነ እኔ አንድ ትልቅ ከሚገዛ ሁለት መካከለኛ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ነጠላ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም። ቀን ላይ አንዱን ታጠፋላችሁ፣ አንዱ ቢበላሽም መለዋወጫ እስኪገኝ በግማሽ አቅም ትሰራላችሁ፣ መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ቶሎ ላይመጣ ይችላል።