፫ን አልቀበልም ያለው ፓይተን

የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ አጥንት ይገባል። እኛ ጠባሴ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። ያን ሰሞን የያዝነው የአንድ እድር መዝገብ ነበር። በእጅ የተጻፈውን ወደ ኮምፒውተር አስገብተን፣ ለቅዳሜው ስብሰባ ውዝፍ ያለባቸውን አባላት ዝርዝር እናደርሳለን ብለን ቃል ገብተናል።

የእድሩ ጸሐፊ መሪጌታ ናቸው። መዝገባቸው ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በግእዝ ነው። የልጅ ልጃቸው ወደ ኤክሴል ሲገለብጠው እንዳለ ነው የጻፈው። ሦስት ወር ያልከፈለው ላይ ፫፣ ዓመት ያልከፈለው ላይ ፲፪። ደግ አደረገ። መዝገብ ሲገለበጥ እንዲህ ነው የሚያምረው።

ፋይሉን የሚያነበውን ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ «ይሄ ዲጂት (የቁጥር ምልክት) ነው ወይ?» ብሎ ኢዝዲጂት (isdigit) የሚባለውን የፓይተን ትእዛዝ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ ኢንት (int) የሚባለው ሌላ ትእዛዝ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። አይደለም ከተባለ «ይስተካከል» የሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ እሱን በእጃችን እናርማለን። የግእዙ ሁሉ እዚያ ይገባል ብዬ ነበር።

ሐሙስ ማታ አስኬድኩት። ፲፪ በሰላም «ይስተካከል» ውስጥ ገባ። ፳፬ም ገባ። ፫ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ረድፉን አውጥቼ ደገምኩት፤ ፯ ላይ ቆመ። ፯ንም አወጣሁ፤ ፭ ላይ ቆመ። ከአስር ጀምሮ ያለው ሁሉ ያልፋል፣ ከአስር በታች ያለው ሁሉ ይጥለዋል።

ግራ ገባኝ። ያው ፓይተን በአንድ በኩል «፫ ዲጂት ነው» ይላል፣ ዞር ብሎ ደግሞ «ወደ ቁጥር አልቀይረውም» ይላል። ይሄ የቋንቋው ባግ፣ የራሱ የፓይተን ስህተት ነው አልኩ። እልህም ያዘኝ፤ የራሳችን ቁጥር ነዋ! እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቁጭ ብዬ ለፓይተን አልሚዎች ረጅም ሪፖርት ጻፍኩ። ፕሮግራሜን ከነሙሉ ኮዱ ለጠፍኩበት። ርእሱ «ፓይተን የግእዝን ቁጥር በትክክል አይደግፍም» የሚል ነበር።

ከመላኬ በፊት የቡድናችን ታላቅ እንድታየው ሰጠኋት። እሷ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሶፍትዌሮች፣ እርማት ስትልክ ዓመታት አልፈዋል። አነበበችና፣ «ይሄን የሚከፍተው ሰው እድር ምን እንደሆነ አያውቅም። ኤክሴላችንም የለውም። በምን ይሞክረው?» አለችኝ። «እስቲ ኮድህን ቆራርጠው። የማያስፈልገው ሁሉ ይውጣ።»

መቁረጥ ጀመርኩ። ኤክሴሉ ወጣ፤ ችግሩ አለ። ዝርዝሩ ወጣ፤ አሁንም አለ። ከሁለት መቶ መስመር በላይ የነበረው መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ሆነ። አንደኛው ፫ን ለኢዝዲጂት ይሰጣል፤ መልሱ አዎ ነው። ሁለተኛው ፫ን ለኢንት ይሰጣል፤ ይወድቃል። በቃ። ሰርቨራችን ላይ ያለው ፓይተን 3.8 አሮጌ ስለሆነ፣ ድጋፉም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ስላበቃ፣ እሷ በራሷ ላፕቶፕ በአዲሱ ስሪት ሞከረችው። ያው ነው። እንግዲህ ያረጀው ስሪት ያመጣው ጣጣም አይደለም።

«አሁን መመሪያውን አንብብ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ሰዓት አልከፈትኩትም ነበር። ስለ ኢዝዲጂት የተጻፈው አንቀጽ አጭር ነው። በአስር መሠረት ቁጥር መሥራት የማይችሉ ዲጂቶችንም ይጨምራል ይላል፤ ለምሳሌ የጥንቱን የካሮሽቲ ጽሑፍ ቁጥሮች ይጠቅሳል። የስህተት መልእክቱን መለስ ብዬ አየሁት። እሱም የሚለው ያንኑ ነው፤ በመሠረት 10 ለኢንት የማይሆን። መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኔ ሥር ነበር።

ቀጥለን የዩኒኮድን ሰንጠረዥ ከፈትን፤ ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች በኮምፒውተር ላይ መለያ የሚሰጥ መዝገብ ነው። ፓይተን ስለ ፊደላት የሚያውቀውን የሚወስደው ከዚያ ነው። ግእዝ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። እያንዳንዱ ምልክት ለቁጥር የተተዉ ሦስት ቦታዎች አሉት። ተራው 1 ሦስቱም ተሞልተውለታል። የኛ ፩፣ መለያው 1369፣ የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ነው፤ ሁለቱ ላይ 1 ተጽፏል። ፲ ጋ ስትደርስ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ 10 አለ። ኢንት የመጀመሪያውን ቦታ ይፈልጋል፣ ኢዝዲጂት በሁለተኛው ይረካል። ፲፪ በሰላም አልፎ ፫ የወደቀው ለዚህ ነው።

ግን ያ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ? ይሄን የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ስደውልላቸው ጥያቄው ምንም አልከበዳቸውም።

«ልጄ፣ የግእዝ አኃዝ አልቦ፣ ዜሮ የምትሉት፣ የለውም። ፫ንና ፪ን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ሠላሳ ሁለት አይሆንልህም። ሠላሳ ሁለት ፴፪ ነው። ሠላሳ የራሱ ምልክት አለው።»

ሰንጠረዡ ትክክል ነበር። የመጀመሪያው ቦታ እንደ 32 ጎን ለጎን ተቀምጠው በቦታቸው ዋጋ ለሚያወጡ ዲጂቶች ነው፤ የግእዝ ቁጥር እንዲያ አይደለም።

ሪፖርቱን አልላክሁትም። እዚህ ላይ ስለ አልሚዎቹ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የፓይተን ዋናው ኮድ ላይ መልስ የሚጠብቁ ክፍት ጥያቄዎች በሺህ ይቆጠራሉ። ብዙዎቹን የሚያዩት ከሥራ መልስ በገዛ ጊዜያቸው የሚለፉ ሰዎች ናቸው። የኔን ያልተቆረጠ ኮድ አንዱ ሊያነበው ምሽቱን ይሰዋ ነበር። «ታዲያ ኢዝዲጂትን ለምን አይቀይሩትም?» ብዬም የቡድናችንን ታላቅ ጠይቄያት ነበር። በእሱ የተማመነ ስንት ፕሮግራም እንደሚሰበር አስብ አለችኝ። እሷ ከፓይተን 2 ወደ 3 የተደረገውን ሽግግር አይታለች። 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሲሆን፣ 2 የተሰናበተው 2020 ሲገባ ነው። አሥራ አንድ ዓመት!

የኛን ማስተካከል ግን ቀላል ሆነ። ኢዝዲጂትን በኢዝዴሲማል (isdecimal) ተካሁት፤ እሱም የሚያየው የመጀመሪያውን ቦታ ስለሆነ ከኢንት ጋር ይስማማሉ። ካነሳሁት አይቀር ብዬ ግእዙን ወደ ተራ ቁጥር የሚቀይር ትንሽ ፋንክሽን፣ ማለትም የኮድ ቁራጭም ጻፍኩ። መሞከሪያ ስጡኝ ስላቸው መሪጌታ ወዲያው ፫፻፲፰ አሉኝ። ሠለስቱ ምዕት! የመጀመሪያው ሙከራዬ ምልክቶቹን ዝም ብሎ ደምሮ 121 አለ። ፻ ከፊቱ ያለውን ማባዛት አለበት። እሱን ሳርም 318 መጣ፤ ፲፱፻፹፫ም 1983 ሆነ።

ቅዳሜ ስብሰባው ሳይጀመር መሪጌታ አጠገቤ ቆመው የካዝናውን ሒሳብ እንዳስገባ ሰጡኝ። ፪፼፭፻ ይላል። ሃያ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ፕሮግራሜ ግን ፼ን፣ አሥር ሺሁን፣ ዝም ብሎ ደምሮ በ፻ አባዛውና 1,000,700 አለ።

መሪጌታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩ። «፼ንም እንደ ፻ አስተምረው» አሉኝ። ሰዉ ወንበር እየያዘ እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ፪፼፭፻ንም መፈተኛው ፋይል ውስጥ ከ፫፻፲፰ ሥር ጻፍኩት።