ማሽኖቹ ተዋለዱ

«ስማ እስቲ፣ 451 ማሽን መቼ ነው የገዛነው?»

ኃላፊያችን የሊኑክስ (የማሽኖቻችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሰብስክሪፕሽን ማደሻ ሊያዘጋጁ የአቅራቢውን ገጽ ከፍተዋል። ክላስተራችን፣ ማለትም አብረው ከባድ ስሌት የሚሠሩት ማሽኖች ስብስብ፣ እኔ የማውቀው 67 ነው፦ ስሌቱን የሚሠሩ 64 ማሽኖች (ኖዶች)፣ አንድ ዋና ሰርቨር፣ ተጠቃሚዎች የሚገቡባቸው ሁለት ማሽኖች። ወንበሬን ስቤ ዝርዝሩን ወደ ታች ስወስደው «ኖድ017» ይላል። ወረድ ስል ደግሞ ኖድ017። ከዚያም እንደገና። ስሙ አንድ ነው፤ ከጎኑ ያለው ረጅም መለያ ግን በየመስመሩ ይለያያል። ከኋላዬ የቆመው ባልደረባዬ «እነዚህማ ተዋልደዋል» ብሎ ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን አልመጣም፤ የማሽኖቹ ማስመዝገቢያ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) አባት እኔ ነኛ።

መነሻው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020 ነው። እስከ 2029 ያቆየናል ብለን የጫንነው ሴንትኦኤስ 8 (ነጻ የሊኑክስ ዓይነት)፣ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ተነገረ። በኋላ በምትኩ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በነጻ መጡ፤ የእኔም ልብ ወደዚያው ነበር። ግን ለስተር የተባለውን የፋይል ማከማቻችንን የሸጠልን ድርጅት የሚረዳን የሚከፈልበት ሊኑክስ ላይ ከሆንን ብቻ ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ለ67 ማሽን የሙሉ ሰርቨር ዋጋ መክፈል ደግሞ የማይታሰብ ነገር ነው። መውጫችን ለክላስተር ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ሆነ። ዋናው ሰርቨር ሙሉ ይከፈልበታል፤ ኖዶቹ ግን ስለርም (ሥራ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም) የሰጣቸውን ከማስላት በቀር ሌላ ሥራ ስለሌላቸው እጅግ ባነሰ ዋጋ ያልፋሉ። ሰው የሚገባበት ማሽን እዚህ ቅናሽ ውስጥ የለም። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ኖዶቻችን ከዲስክ አይነሱም። ሲበሩ ኢሜጁን (ሙሉው ሲስተም የታሸገበትን ፋይል) በኔትወርክ ከዋናው ሰርቨር ያወርዱና ራም ላይ ይነሳሉ፤ ሲጠፉ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ ሲመዘገብ የሚሰጠው መታወቂያም እዚያው ውስጥ አለ። እሱን ነው ያላሰብኩት። የምዝገባ ትእዛዙን ኖዱ ሲነሳ በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ስለከተትኩት፣ እያንዳንዱ ኖድ ትናንት ማን እንደነበር ረስቶ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ከ451 ላይ ሦስቱን ቀንሰን ለ64 ስናካፍል ልክ 7 መጣ። ክላስተሩን ያበራነውም ሰባት ጊዜ ነው።

ሰብስክሪፕሽኖቹን የያዙት በመጀመሪያው ዙር የተመዘገቡት ናቸው። እነሱ የሉም። አሁን የሚሠሩት ኖዶች ባዶ እጃቸውን ናቸው። ይህን ያህል ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው ደግሞ በእኔው ብልጠት ነው፦ በምዝገባ ሰበብ ኖድ እንዳይቆም ብዬ፣ ስክሪፕቱ ስህተት ቢያይም ዝም ብሎ እንዲያልፍ ጽፌዋለሁ። ሥራው ይሠራል፣ ወረፋው ይንቀሳቀሳል፤ ታዲያ ማን ሎግ (የስህተት መዝገብ) ያነባል?

ሙታኑን የሚሰርዝ ስክሪፕት ልጽፍ ስነሳ ባልደረባዬ «ዛሬስ ስክሪፕት ይብቃህ» አለኝ። ሁለታችን ተቀምጠን፣ ማሽኑ መጨረሻ የታየበትን ቀን እያየን በእጃችን ሰረዝን። ግማሽ ቀን ፈጀብን። እግረ መንገዳችንን ሌላ ጉድ አገኘን፦ ሲስተሙ በራሱ ሲመርጥ፣ ለሁለቱ የመግቢያ ማሽኖች የኖዶቹን ርካሽ ሰብስክሪፕሽን ሰጥቷቸው ኖሯል። ሙሉ ዋጋ የከፈልንባቸው ሁለቱ ማንም ሳይነካቸው ተቀምጠዋል። ውሉን የጣስነው እንግዲህ ሳንቲም ሳናተርፍበት ነው።

አሁን ኖዶቹ ራሳቸውን አያስመዘግቡም። ኢሜጁ የሚሠራው በዋናው ሰርቨር ላይ ነው፤ የሶፍትዌር ፓኬጆቹንም እዚያው ካስቀመጥነው ቅጂ ይወስዳል። የተከፈለባቸውን ኖዶች ቁጥር ኤክሴል ላይ እይዛለሁ፤ ማሽን ሲጨመር ሰብስክሪፕሽኑም ይጨመራል።

ኃላፊያችን ግን እስከ ዛሬ የማደሻ ሰሞን ሲደርስ ደጃፌ ላይ ቆመው «ዘንድሮስ ስንት ወለዱ?» ይሉኛል።