የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና ሌሊት ምን ይሠራል?

ኤሌክትሪክ መኪና ቆልፈን ስንገባ አጠፋነው እንላለን እንጂ እሱስ አይጠፋም፤ ይተኛል። ሲተኛም ይባንናል። እኩለ ሌሊት ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ፣ ማንም ሳይነካው የሚዞር ፋን፣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ፍሬቻ፣ ጠዋት አልከፈት የሚል በር። በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለው ጥያቄ በዝቷል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ነው» ከማለት አያልፍም። እኔ ኮምፒውተሩ ከመወቀሱ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ ባይ ነኝ። ትንሿ ባትሪ ስንት ቮልት አላት? መኪናውስ ለምን አልተኛም?

ወለሉ ሥር ያለው ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ በር የሚከፍተው፣ ስክሪን የሚያበራው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ትልልቅ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚዘጉና የሚከፈቱ ማብሪያዎች) የሚስበው የትንሿ፣ የ12 ቮልቷ ባትሪ ጉልበት ነው። እሷን የሚሞላ ዲናሞ የለም። የትልቁን ባትሪ ቮልቴጅ አውርዶ የሚሰጣት ዲሲ-ዲሲ የሚባለው መለወጫ ነው። እሱም የሚሠራው መኪናው ሲነሳ፣ ቻርጅ ሲደረግ፣ አለዚያም ቆሞ ሳለ ኮምፒውተሩ ትንሿን ልሙላ ብሎ ሲቀሰቅሰው ነው። የሌሊቱ «ቀጭ» አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ሪሌዎቹ ተዘግተው መሙላት ተጀመረ ማለት ነው። የኒሳን ሊፍ መመሪያ መጽሐፍ መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም በየጊዜው ለአጭር ጊዜ ትንሿን ሊሞላ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ጤንነት ነው፤ ድምፁን ሰምቶ ጋራዥ መሮጥ አያስፈልግም።

ችግሩ ትንሿ ባትሪ ስትደክም ሳትናገር መድከሟ ነው። ነዳጅ መኪና ቢሆን ሞተሪኖው እያዛጋ ከሳምንት በፊት ያስጠነቅቃል። እዚህ ሞተሪኖ የለም። ቮልቴጁ ወርዶ 11 አካባቢ ሲደርስ አንዱ ኮምፒውተር ይጠፋል፣ ሌላው ይቆያል፤ የቆየው የጠፋውን ጠርቶ ሲያጣው ስህተት ይመዘግባል። የፍሬን፣ የመሪና የኤርባግ ምልክት ባንድ ጠዋት አብረው ሲበሩ ሦስቱም ተበላሽተው እንዳይመስላችሁ። የራሷ ባትሪ ያላት የሌባ ማስጠንቀቂያም ዋናው ቮልቴጅ ሲወርድ «ሽቦ ተቆረጠ» ብላ ትጮሃለች።

ልኬቱ ቀላል ነው። መኪናው ተቆልፎ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ቴስተሩ በባትሪዋ ሁለት ጫፎች ላይ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሙሉ ናት፤ 12.2 ግማሽ፣ 11.8 ባዶ። ከ13.5 እስከ 14.7 ካሳየ መለወጫው እየሞላት ስለሆነ ሌላ ጊዜ ለኩ። ይህ ለሊድ ባትሪ ነው። ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ላይ ያለችው ሊቲየም ስትሆን ሙሉዋ 13.3 አካባቢ ነው፤ ራሷን ለመጠበቅ ስለምትቆርጥ ቴስተሩ ዜሮ ቢያሳይም ሞታለች ማለት አይደለም። ለሊድ የተሠራ ቻርጀር ግን አታድርጉባት።

ባትሪዋ አዲስ ሆና በየሁለት ቀኑ ከወረደች ጥያቄው ወደ እንቅልፉ ይዞራል። በደንብ የተኛ መኪና ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ይስባል። 50 ቢሆን በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው፤ 45 አምፒር ሰዓት ያላትን ባትሪ ለመጨረስ ከወር በላይ ይፈጃል። ያልተኛ መኪና 5 አምፒር ሲስብ ግን ያችኑ ባትሪ በ9 ሰዓት ያሟጥጣል። ለመለካት ገመድን ከውጭ አቅፎ የሚለካውን የዲሲ ክላምፕ ሜትር በኔጌቲቩ ገመድ ላይ አጥልቁ፤ ባትሪውን መፍታት የለም። ኮፈኑ ክፍት ስለሚሆን መቆለፊያውን በካቻቢቴ ገፍታችሁ የተዘጋ አስመስሉት፣ በሩን ቆልፉ፣ ቁልፉን አርቁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ገመድ ግን አይነካም።

እዚህ ላይ ብዙ ኤሌክትሪሺያን የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፊውዝ እየነቀሉ ጥፋተኛውን መፈለግ ለድሮ መኪና ይሆናል፤ ለዚህ አይሆንም። ፊውዙ ሲመለስ የተኛው ሁሉ ይነቃና ልኬቱ ይበላሻል። ይልቅ ፊውዙ በቦታው እንዳለ ቴስተሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርጎ በጀርባው ባሉት ሁለት ነጥቦች መለካት ነው። ዜሮ ካልሆነ በዚያ መስመር ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ ተወልዶ ያደገ አይደለም፤ በኋላ የገባ ነው። አንደኛ የምጠረጥረው ጂፒኤስ መከታተያ ነው፣ በተለይ የትኛው ገመድ እንደሚተኛ ሳይጣራ የተቀጠለ። በምርመራ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ የተረሳ ትንሽ የስህተት ኮድ አንባቢ መሣሪያም የኮምፒውተሮቹን መስመር ሌሊቱን ሙሉ ሲያናግር ሊያድር ይችላል። ቁልፉ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከመኪናው 2 ሜትር ርቀት ላይ ተሰቅሎ ከሆነ አንዳንዱ መኪና ባለቤቴ መጣ እያለ ይነቃል። ስልክ ላይ ባለው መተግበሪያ «ስንት ፐርሰንት ቀረው» እያሉ ደጋግሞ ማየትም ያው መቀስቀስ ነው።

ከቻይና ገበያ በቀጥታ የገቡት ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሰዓታቸው በቤጂንግ አቆጣጠር እንደተተወ ከሆነ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ማለዳ እንዲሞቅ ወይም እንዲቀዘቅዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ለቤጂንግ ጠዋት 7፡00 የተሞላ ፕሮግራም ካለ መኪናው አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ኤሲውን ያስነሳል። ሰፈሩ ሰይጣን ገባበት ከማለቱ በፊት የቻርጅና የኤሲ ፕሮግራሞቹን ገጽ ከፍቶ ሁሉንም ማጥፋት ነው።

ተሰክቶ የሚያድር መኪና ሌላ ጠባይ አለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ እንደገና ሰላምታ ይጀምራል፦ ሪሌ ይመታል፣ ፓምፕ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል። በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ ከተመላለሰ አምስት ጊዜ ይነቃል። ቻርጀሩ ቀይ እያበራ እምቢ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ መስመር) ይታይ፤ ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተገናኘም። በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ከጥቂት ቮልት በላይ ካለ ወይም ቁጥሩ ዝም ብሎ የሚዋልል ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አስሮ ቻርጀሩን ማታለል የሚመክር ባለሙያ ቢመጣ ሸኙት፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ይነዝራል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም የሚቀር አለ፤ እውነተኛ የፋብሪካ ጉድለት። ሀዩንዳይ በአውሮፓውያኑ 2024 አሜሪካ ውስጥ ከ145 ሺህ በላይ መኪና ለጥገና መልሶ የጠራው ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ተጎድቶ 12 ቮልቷን መሙላት ሊያቆም ስለሚችል ነበር። ቮልስዋገንም በዚያው ዓመት እዚያው አሜሪካ 98 ሺህ ገደማ አይዲ 4 የጠራው የበር እጀታው ውስጥ ውሃ ገብቶ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ሲነካ በሩ ሳይታዘዝ ሊከፈት በመቻሉ ነው። ስለዚህ ዝናብ ወይም እጥበት ተከትሎ ብቻ የሚመጣ ጠባይ ከሆነ ባትሪውን ተዉትና ወደ እጀታው፣ ወደ ቻርጅ ቀዳዳውና ወደ ኮፈኑ መቆለፊያ ሂዱ። ጋራዥ ስትሄዱም «አንዳንዴ ያደርገዋል» አትበሉ፤ ሰዓቱን፣ ተሰክቶ እንደነበር፣ ዘንቦ እንደነበርና የትንሿን ባትሪ ቮልት ጽፋችሁ ያዙ።